የአረም መድኃኒትና የጎረቤት ባቄላ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ እትዬ ዘውዴ ያስያዙኝ ጠርሙስ ሳይሆን አንድ ኩባያ ውኃ ነበር። በሱቁ ደጃፍ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ የተተከለች ባቄላ ነበረች። «እሷን አጠጣና ግባ» አሉኝ። አጠጥቼ ገባሁ። ለጌጥ ያስቀመጧት መስሎኝ ነበር፤ አበባ ጠፍቶ ነው ወይ ብዬ በልቤ ስቄያለሁ።

ከዚያ በፊት ጎንደር አራዳ ገበያ ላይ ልባሽ ጨርቅ ቸርቻሪ ነበርኩ። ሸራ አነጥፋለሁ፣ እጮኻለሁ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራዬን በአራት ማዕዘኑ ጠቅልዬ እሮጣለሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብ የገባኝ ግን ካቋረጥኩ በኋላ ነው። እትዬ ዘውዴ አንድ ሹራብ ሊገዙ መጥተው ግማሽ ሰዓት ተከራከሩኝ። አልቀነስኩላቸውም። በመጨረሻ ሹራቡን ትተው እኔን ወሰዱኝ።

ሱቃቸው አንድ ክፍል ነበረች። በቀኝ ዘር፣ በግራ በጀርባ የሚታዘል መርጫና ጓንት፣ ከኋላ በቁልፍ በሚዘጋው መደርደሪያ ላይ የአረም፣ የተባይና የዋግ መድኃኒት። ምሳ ሱቅ ውስጥ አይበላም። እጅ ሳይታጠቡ ብር አይቆጠርም። «እዚህ ቤት ሁለት ነገር ከአፍህ አይድረስ» አሉኝ፤ «መድኃኒቱና የማታውቀው ነገር።»

በሳምንቱ መጨረሻ የስንዴ አረም መድኃኒት በውኃ በጠበጡና ጓንት ባጠለቀ ጣታቸው ባቄላዋን ነካ አደረጓት።

«ምነው እትዬ? እኔ ሳጠጣት ከርሜ!» አልኩ።

«ጠብቅ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን አንገቷ ተጣመመ። በአምስተኛው ቀን ግንዷ እንደ አውራ በግ ቀንድ ተጠማዞ፣ ቅጠሏ ተጨማዶ ተገኘ።

«ይሄ መድኃኒት ስንዴንና ገብስን ብቻ ነው የሚያውቅ» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ቅጠለ ሰፊ የሆነ ሁሉ ለሱ አረም ነው። ባቄላ ቢሆን፣ አተር ቢሆን፣ ምስር ቢሆን አይለይም። ስለዚህ ለገዥ ሦስት ጥያቄ አለህ። ማሳህ ላይ ምን ዘራህ? አረሙ ምንድን ነው? ጎኑ ምን አለ? ሦስተኛውን ያልመለሰልህ ሰው ብሩን ይዞ ይሂድ።»

የተጣመመችውን ነቅለው ጣሉና በዚያው ጣሳ ሌላ ባቄላ ተከሉ። አዲስ ተቀጣሪ በመጣ ቁጥር አንዲት ባቄላ ትሞታለች ማለት ነው። ርካሽ ትምህርት ቤት ነበር፤ እኔ ባልረሳው።

ክረምት ሲገባ ወደ ወገራዋ ከተማ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ላኩኝ። ወገራ ስንዴና ገብስ የሚዘራበት፣ ባቄላም የሚበዛበት ደጋ ነው፤ አረሙም ከእህሉ ጋር እኩል ይወዳዋል። ገበያ ቀን ማለዳ ዕቃዬን በአውቶቡሱ ጣራ አስጭኜ፣ ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ብርዱ በመስኮቱ ይቀበለናል። አሁን ሳስበው፣ የዚያ አውቶቡስ ሽታ፣ የረጠበ ጋቢ፣ የቅቤ ቅልና የናፍጣ ሽታ፣ ይናፍቀኛል። ያን ጊዜ ግን አፍንጫዬን በክንዴ ሸፍኜ ነበር የምሄደው።

ከገበያው ዳር ሸራ ወጥሬ ጠርሙሶቼን ሳጥን ላይ እደረድራለሁ። ገበሬው መጀመሪያ አካባቢ አይገዛም፤ ቆሞ ያያል። በሁለተኛው ሳምንት ስም አወጡልኝ፤ «ያረም ዶክተር» አሉኝ። አክብሮት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አንዱ ግን «ዶክተር፣ ባለፈው የሸጥክለት ሰውዬ አረሙ ድኖ ሄደ አሉ» ሲለኝ ነገሩ ገባኝ።

አያ ተገኘን ያወቅሁት እዚያ ነው። ጠይም፣ ረጅም፣ ሁለት ጥማድ ስንዴ ያለው፣ ሲገዛም ሲሸጥም ሳቅ የማይለየው ሰው።

«የኔ እጅ ነፃ ነው፤ ምነው ላንተ እከፍላለሁ?» አለኝ።

«ብቻህን ነው የምታርመው?»

«ደቦ አለኝ። ደቦም ነፃ ነው።»

«ደቦ ነፃ ነው የሚል ሰው ሚስቱን ጠይቋት አያውቅም» አልኩት።

ዙሪያውን የቆሙት ሳቁ። እኔም ቀጠልኩ። ሃያ ሰው ስትጠራ ጌሾና ብቅሉ ከየት ነው? ለሃያ ሰው እንጀራ የሚጋግረው ማነው? ደሞ ሃያው ሰው አንድ ቀን ከሠራልህ አንተ ሃያ ቀን በየማሳቸው ተጎንብሰህ ትመልሳለህ። ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አርመህ የምትገላገል ከሆነ ነው፤ ስንዴህ ሁለቴ ሦስቴ ይታረማል። ይሄን ሁሉ ደምረህ ከአንዲት ጠርሙስ ጋር መዝነው።

አያ ተገኘ ራሱን አከከ። «አንተ ሰው የሰው ቀን ስትቆጥር ነው ወይ የምትውል?» አለና አንድ ጠርሙስ ገዛ። በሚቀጥለው ገበያ ሦስት ጎረቤት ይዞ መጣ።

ያ ስሌት ለሁለት ክረምት አበላኝ። የጎደለው ነገር እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው።

የከበደኝ ተቀናቃኝ ሌላ ነጋዴ አልነበረም፤ በዓል ነበር። ነሐሴ አረም የሚፋፋበት ወር ነው፤ ነሐሴ በዓልም የሚበዛበት ወር ነው። በበዓል ቀን እርሻ አይነካም። አንድ ሰው ደፍሮ ቢሠራ ቅጣቱ ለሱ ብቻ አይደለም፤ በረዶ ወርዶ አገሩን ሁሉ ይመታል ይላሉ። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

እኔም አንድ ብልኃት አሰብኩ። መርጨት አፈር አይነካም፤ ስለዚህ ሥራ አይደለም፤ ሕክምና ነው። ይሄን ለገበሬው ከመንገሬ በፊት ግን የአያ ተገኘ ቀበሌ የሚካኤል ደብር አገልጋይ የሆኑትን ቄስ መልካሙን ላስፈቅድ ሄድኩ። ቄስ መልካሙ በነገር የማይሸነፉ ሰው ናቸው።

«አባ፣ መድኃኒት በበዓል ይፈቀዳል አይደል?»

«ለታመመ ይፈቀዳል።»

«እንግዲያው ማሳ ላይ ቢረጩስ?»

«ማሳው ታሞ ነው?»

«በአረም ታሟል።»

ቄስ መልካሙ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «የታመመውስ አንተ ነህ፤ በሽታህም ችኮላ ነው» አሉኝ። «አስራ ስድስት ሊትር ውኃ በጀርባ አዝሎ ከዳር ዳር የሚመላለስ ሰው ሥራ ላይ አይደለም ብትለኝ፣ ውኃ የምታመላልሰውን አህያዬንም ዕረፍት ላይ ናት በለኛ።»

ባርከውኝ ሸኙኝ። ወሬው ግን ከኔ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ነበር። ያን ሰሞን አህያ ባለፈች ቁጥር «ዶክተር፣ ባልደረባህ ሄደች» ይሉኝ ነበር።

በሦስተኛው ክረምት ነሐሴ አስራ አንድ ቀን ገበያ ዋለ። ዝናቡ ለሳምንት አላባራም ነበርና አረሙ ስንዴውን በልጦታል። ሰው ሁሉ የሚቀጥሉትን ቀናት በጣቱ ይቆጥራል፤ ነገ ሚካኤል፣ ከነገ ወዲያ ቡሄ፣ ቀጥሎ እሑድ፣ አንድ ቀን ሠርተው ደግሞ ፍልሰታ። ያውም ለነአያ ተገኘ ቀበሌ ሚካኤል የደብራቸው በዓል ነው፤ እንኳን ማረም ማሳ አጠገብ መታየት ያስነውራል። ስለዚህ ዛሬ ያልረጨ አበቃለት።

እንደዚያን ቀን ሸጬ አላውቅም። ሸራዬ በሰው ግፊያ ሁለቴ ወደቀ።

አያ ተገኘ እጁን በሰው ትከሻ ላይ አሳልፎ ጠርሙሱን ተቀበለኝ። «በስንት?» አለ፤ ልኩን ማለቱ ነው። «ለአንድ መርጫ አንድ ክዳን» አልኩት። «ዝናቡ ካባራ ከሰዓት በኋላ ዛሬውኑ ርጨው።»

ማሳው ላይ ስንዴ እንዳለ አውቃለሁ። አረሙ አሽክትና መጭ እንደሆነ ነግሮኛል። ሦስተኛውን አልጠየቅሁትም። ሰው ተሰልፏል፤ ጥያቄ ሲበዛ ገዥ ወደሌላው ሸራ ይሄዳል። በወገራ ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሳም ያጣሁት ነገር አይደለም፤ ከሸራዬ ጋር ስታገል ነው የዋልኩት።

ነሐሴ አስራ ስምንት ተመልሼ ስመጣ አያ ተገኘ ቀድሞ ጠበቀኝ። ፊቱ ግማሹ ደስታ ግማሹ ሐዘን ነው።

«መድኃኒትህ ሸጋ ነው፤ አሽክቱ በእሳት እንደተለበለበ ሆነ። ቀበሌያችን ግን ጉድ ወርዶበታል።»

«ምነው?»

«እታለም ይታይሽ፣ ጎረቤቴ፣ ባሏ የሞተባት። የሚካኤል ዕለት ማሳዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ ታየች። ይኸው ባቄላዋ ተቀጣ።»

«እንዴት ተቀጣ?»

«ተጠማዘዘ። እንደ አውራ በግ ቀንድ።»

እጄ ላይ የነበረውን ጠርሙስ ሳጥኑ ላይ መለስኩት።

«ማሳዋ የት ነው?»

«ከኔ ስንዴ ወዲያ ማዶ፤ ድንበር ነው የሚለየን። ሰው ሁሉ ፈርቷል። በረዶ ታስመታናለች ብለው፣ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጥባታል። ከደቦ ትውጣ እያሉ ነው።»

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ባል የሌላት ሴት ከደቦ ወጣች ማለት የሚያርምላት፣ የሚያጭድላት፣ የሚወቃላት የለም። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከገዛ ማሳዋ ግማሽ ምርት እየተቀበለች ትኖራለች። ሰው በሞላበት ቀበሌ ብቻዋን መቅረት ነው።

ለአያ ተገኘ ያን ቀን ምንም አላልኩትም። ሐቁን ብናገር ዳግመኛ እዚያ ገበያ ሸራ የምወጥር አይመስለኝም ነበር። ቀኑን ሙሉ «መድኃኒትህ ሸጋ ነው» እያሉ ገዙኝ፤ እኔም እየሸጥኩ ዋልኩ። ያን ቀን የሸጥኩትን ያህል ያፈርኩበት ገበያ የለም።

ጎንደር ገብቼ ለእትዬ ዘውዴ ነገርኳቸው። ስጨርስ ይዘውት የነበረውን ሚዛን አስቀመጡ።

«ጎኑ ምን አለ ብለህ ጠይቀኸው ነበር?»

«አልጠየቅሁትም።»

ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። አልጮኹም። ከደጅ ጣሳዋን አንስተው ፊቴ አስቀመጧት። ባቄላዋ ለምልማ ነበር።

«ሦስት ቀን አለህ» አሉኝ። «ንካት።»

ጓንት አድርጌ ነካኋት።

እሑድ ማለዳ ጣሳዋን በጋቢዬ ሸፍኜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንገቷ ተጣሟል። ረዳቱ ጋቢዬን ገለጥ አድርጎ አየና «አባው፣ ለሷም ወንበር ይከፈልላታል» አለ። «የታመመች ናት» አልኩት። «ሐኪም ቤቱ በዚያ በኩል ነው እኮ» አለኝ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጣሳዋን ግን መልሼ ሸፈንኳት።

ሽማግሌዎቹ ከደብሩ ቅጥር ውጭ ከወይራው ሥር ተቀምጠዋል። ቄስ መልካሙ መሃል ናቸው። ይታይሽ ፊት ለፊታቸው ቆማለች፤ በዕድሜ እንደ ታላቅ እህቴ፣ ነጠላዋን አጥብቃ ያሸረጠች ሴት ናት። አንገቷን አልደፋችም።

«ይታይሽ» አሉ ቄስ መልካሙ፤ «የሚካኤል ዕለት ማሳሽ ውስጥ ታይተሻል።»

«ታይቻለሁ።»

«ምን ትሠሪ ነበር?»

«አረም እነቅል ነበር።»

ሰው አጉረመረመ።

«ለማሳው አይደለም፤ ለላሜ ነው» አለች። «ክረምቱን ምድሩ ሁሉ ተዘርቶ ላም የት ትሰማራ? ካሰርኳት ቦታ ሆና ትጮኻለች። ላም በዓል አታውቅም፣ አባ።»

«ለከብት ሣር ማምጣት በኔ በኩል አያስቀጣም» አሉ ቄስ መልካሙ።

«እንግዲያው ባቄላዋ ለምን ተቀጣ?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «እኛም አይተነዋል። ምን ይባላል ይሄ?»

የዚህ መልስ ያለው እኔ ጋ ነበር።

ጋቢዬን ገልጬ ጣሳዋን ከሽማግሌዎቹ ፊት ሳር ላይ አስቀመጥኳት። ሳቅ ተነሳ። «ዶክተሩ ችግኝ መሸጥ ጀመረ!» አለ አንዱ። ሌላው «በሽተኛውን ይዞ መጣ!» አለ።

«ይቺ ባቄላ ጎንደር አራዳ ነው ያደገችው» አልኩ። «የሚካኤልን በዓል አልሻረችም።»

ሳቁ ቆመ። ቄስ መልካሙ ተነስተው መጥተው ጎንበስ አሉ። ግንዷን በመቋሚያቸው ጫፍ ቀና አደረጉት፤ ተመልሶ ተጣመመ።

«ማነው የቀጣት?»

«እኔ ነኝ አባ። ለአያ ተገኘ በሸጥኩለት መድኃኒት። ነፋስ ወደ ባቄላው ወሰደው። ጎንህ ምን አለ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።»

አያ ተገኘ ከኋላ ብድግ አለ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። «ታዲያ ሁለት ክረምት ስረጭ እንዲህ ሆኖ አያውቅምሳ!»

«ስንት ክዳን አደረግህ?» አልኩት።

ጋቢውን ያስተካክል ጀመር።

«አያ ተገኘ፣ ስንት ክዳን?»

«ሁለት።»

«አንድ ነበር ያልኩህ።»

«አንዱን ለአረሙ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ሁለተኛውን ለበዓሉ ጨመርኩለት። አራት ቀን አንገባበትም ብዬ፣ እንዲያቆየኝ።»

ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ቄስ መልካሙ በጭራቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ያልሳቀችው ይታይሽ ብቻ ናት።

ተያይዘን ማሳው ድረስ ሄድን። ቄስ መልካሙ ከአያ ተገኘ ድንበር ጀምረው በእርምጃ ለኩት። ድንበሩ ላይ ያለው ባቄላ ጨርሶ ተጠማዟል። ስምንተኛ እርምጃ ላይ ግማሽ በግማሽ ነው። ሃያኛው ላይ ቀጥ ብሎ፣ አበባውን ይዞ ቆሟል።

«ሚካኤል ቢቀጣ ከተገኘ ድንበር ለምን ይጀምራል?» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው።

ፍርዱ እዚያው ማሳው ዳር ተሰጠ። ይታይሽ ከደቦ አትወጣም፤ ክፉ የተናገራት ሁሉ ይቅርታ ይበላት። አያ ተገኘ በጠፋው ባቄላ ልክ ከስንዴው ይስፈርላት። ነጋዴውስ? ሲባል አንዱ «ይክፈላት» አለ። እኔም እጄን ወደ ኪሴ ላክሁ።

«ብሩን ምን ላርገው?» አለች ይታይሽ። «ሰው ከኔ ሲሸሽ ስንት ቀን ሆነው፤ የተረፈኝ ባቄላ በአረም ተውጧል። ብር አረም አይነቅልም። ያርምልኝ።»

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ሚካኤል ቢሆን የቀጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱን እለምነዋለሁ። ያንተን ጠርሙስ ማን ይለምነዋል?»

ሰኞ ማለዳ ማሳዋ ውስጥ ገባሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ አረም ሳወራ አንዲት አረም ነቅዬ አላውቅም ነበር። መጭ በቀላሉ ይወጣል፤ አሽክት ግን ባቄላው ላይ ተጠምጥሞ እጅጌ ይይዛል። ቸኩለህ ከሳብከው ባቄላውን ይዞ ይመጣል። እስከ ረፋዱ ድረስ ወገቤ ነበረኝ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም። አያ ተገኘ በድንበሩ ሲያልፍ «ዶክተር፣ ነፃ ነው አይደል?» ብሎኝ ይሄዳል።

በሁለተኛው ቀን ነሐሴ ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ ሆነ። ከፍራሽ ሳልነሳ ዋልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን በዓል የወደድኩበት ጊዜ የለም። ለቄስ መልካሙ ሲነግሯቸው «አየህ ወይ፣ የሠራ ሰው ነው በዓል የሚያውቅ» ብለው ላኩብኝ።

በቀሩት ቀናት ይታይሽ ከጎኔ ሆና የነቀልኩትን ስትለይ አየኋት። አንዱን ክምር ለላሟ፣ አንዱን ለወጥ፣ አንዱን ወደ ገደል። ለወጥ የለየችው ቅጠል እኔ «የዱር ጎመን፤ ጠንቀኛ አረም» ብዬ ለገበሬው የማሳየው ነው። እሷ ቀንጥሳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ይሄ ይበላል?» አልኳት።

«የክረምት ምግባችን እኮ ነው። እናንተ ከተሜዎች ክረምት የምትበሉት ከሱቅ ነው?»

«ከሱቅ ነው።»

«ታዲያ ምነው ለእህሉ ብቻ ትጨነቃለህ? አረሙን ሁሉ ከገደልክልኝ ላሜ ምን ትበላለች? ላሜ ካልበላች ወተቱ ከየት ይመጣል?»

የዚያን ዕለት አንድ ጣሳ ወተት ሰጠችኝ። እየጠጣሁ ያ ለሁለት ክረምት ያበላኝ ስሌት ትዝ አለኝ። ጌሾውን፣ ብቅሉን፣ የሃያ ሰው ቀን ደምሬያለሁ። ላሚቱን አልደመርኩም። ጎመኑን አልደመርኩም። ጎረቤትን አልደመርኩም። ገበሬው ግን ሳይናገር ይደምር ነበር፤ ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰምቶኝ ሰምቶኝ ሳይገዛ የሚሄደው። እኔ ግን አላዋቂ ነው እል ነበር።

መድኃኒቱ መጥፎ ነው አላልኩም፤ አሁንም እሸጣለሁ። ልጆቹ ከተማ ለገቡበት፣ ጉልበት ላጣ፣ ማሳው ለሰፋ ሰው ያድናል። ዋጋው ግን ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ይበልጣል።

በዚያ ክረምት ገበያዬ ቀዘቀዘ። ሸራዬ ሥር ቆመው ባቄላ ስለሚያጣምመው ሰውዬ ያወሩ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው መጡ፤ ከመግዛታቸው በፊት ግን እነሱ ሆኑ የሚነግሩኝ። «በምሥራቅ አተር አለ፤ በምዕራብ ገብስ ነው፤ ነፋሱ ከዚህ ነው» ይሉኛል። አንዳንዱ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። አያ ተገኘ በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ በአንድ ክዳን መርጨት ጀመረ። ሌላውን ክዳን ለበዓሉ የሚጨምረው ጠላው ላይ ነው እያሉ ያሙታል።

በጥቅምት አውቶቡሱ ላይ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ተላከልኝ። የባቄላ እሸት ነው። ያመጣው ረዳት፣ ያው በጣሳዋ የቀለደብኝ፣ ከላኪዋ የተላከውን ቃል ነገረኝ፤ «ጠርሙስ ያልደረሰበት ነው፤ ሳትፈራ ብላ በለው» ብላለች። ለእትዬ ዘውዴ ግማሹን ሰጠሁ። አንዱን ፈልፍለው ወደ ብርሃን አድርገው አዩትና «አሁን ነጋዴ ሆንክ» አሉኝ። ከዚያ ሌላ ምስጋና ከሳቸው አልሰማሁም።

እትዬ ዘውዴ አሁን የሉም። እኔ ወደ ማራኪ በሚወስደው መንገድ ላይ የራሴ ሱቅ አለኝ። መርጫው ዘመናዊ ሆኗል፤ የመድኃኒቱ ዓይነት በዝቷል፤ ዋጋውን ባልነግራችሁ ይሻላል። ወደ አምባ ጊዮርጊስ እንደ ድሮው በየሳምንቱ አልወጣም። መንገዱም፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደሉም። አንዳንድ ቀን ግን ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ጋቢው እንደረጠበ ሱቄ ሲገባ፣ ሳይናገር አገሩን ከጋቢው ሽታ አውቀዋለሁ።

ቅርብ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው አንዲት ተማሪ መጠይቅ ይዛ መጣች። የአረም መከላከያ ወጪ ታጠናለች። ወረቀቷ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፤ የመድኃኒት፣ የመሣሪያ፣ የጉልበት። የማውቀውን መለስኩላት። ስትጨርስ «የሚጨምሩት አለ?» አለችኝ።

«ላምና ጎረቤት» አልኳት።

ወረቀቷን ገለባበጠች። «ለሱ ቦታ የለውም፣ ጋሼ።»

«ጀርባው ላይ ጻፊው።»

ጻፈችው። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ «ይቺ ባቄላ ለጌጥ ናት?» አለችኝ።

አይደለችም። የአረም መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ከመሸጡ በፊት ጎኑ ምን እንዳለ ይጠይቅ። ሰልፉ የረዘመ ዕለት ደግሞ ሁለቴ ይጠይቅ።